ሴንሰሩን መጨረሻ አስተምሪው፦ ስለ ጎርፍ ቅድመ ማስጠንቀቂያ ስልጠና ለተጠየቀው

ሰላም እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለቴ አነበብኩት። ለሌሎችም እንዲገባ ባጭሩ ልድገመው፦ በዞን አደጋ ስጋት ስራ ላይ ነሽ፣ ሃያ ባለሙያ ሰብስበሽ የጎርፍ ቅድመ ማስጠንቀቂያ ሲስተም ዲዛይን ማድረግ እንዲችሉ አስር ቀን ልታሰለጥኚ ነው፣ በጀት ተፈቅዷል፣ ከአማካሪ የመጣልሽ ረቂቅ ፕሮግራም ግን ከአስሩ ቀን ስምንቱ ሶፍትዌርና ሴንሰር (ዝናብና የውሃ ከፍታ ለክቶ ሚልክ መሳሪያ) ነው፣ ሰልጣኞቹም በሙሉ ሃይድሮሎጂስትና የውሃ መሃንዲስ ናቸው። «ይሄ በቂ ነው ወይ? ከየትኛው ሶፍትዌር ብንጀምር ይሻላል?» ነው ያልሽው።

እኔ ወንዝ በመለካት ጀምሬ ወደ ትንበያ የገባሁ፣ ካለፉት አመታት ወዲህ ደሞ ባብዛኛው ባለሙያ በማሰልጠን ላይ ያለሁ ሰው ነኝ፣ እና ቀጥታ ልንገርሽ፣ አይበቃም። ሶፍትዌሩ መጥፎ ሆኖ አይደለም፣ ቅደም ተከተሉ ስለተገለበጠ ነው። ከላይ ከዝናቡ ተነስቶ ወደ ታች ሚወርድ ስልጠና ሰዉ ጋ ሳይደርስ ቀኑ ያልቅበታል፣ ብዙ ጊዜ አይቼዋለሁ። እኔ ምልሽ ገልብጪው ነው፦ ወንዙ ዳር ልጆቿን አስተኝታ ከተኛችው እናት ጀምሩና ወደ ኋላ እየቆጠራችሁ ሴንሰሩ ጋ ድረሱ።

ለምን እንደሆነ በድሬዳዋ ላሳይሽ። 1998 ዓ.ም፣ ሐምሌ 29 ለ30 ሌሊት ነው። ደቻቱ ሚባለው ወንዝ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው፣ ከዚራና መጋላ ሚባሉትን የከተማዋን ሰፈሮች ለሁለት ከፍሎ ያልፋል፣ ሰው በቀን እያቋረጠው ይሄዳል፣ ይነግድበታል። የዛን ሌሊት ከላይ ደጋው ላይ የጣለው ዝናብ ተሰብስቦ ወረደና ከተማው ተኝቶ ሳለ ደረሰ። ከ250 በላይ ሰው ሞተ። ደራሽ ውሃ የሚለው ቃላችን ራሱ ነገሩን ይዞታል፣ ዝናቡን ያላየ ሰው ላይ ነው ሚደርሰው። ከዛ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ደሞ ኦሞ ሞልቶ ዳሰነች ላይ ከ360 በላይ ሰው ወሰደ። ኦሞ ግን ሌላ አይነት ወንዝ ነው፣ ከደጋው ተነስቶ ቱርካና ሐይቅ እስኪገባ ብዙ ሀገር ስለሚያቋርጥ ከላይ የዘነበው ታች እስኪደርስ ቀናት ይፈጃል። አንዱ ጋ በሰዓት ሚቆጠር ጊዜ ነበረ፣ ሌላው ጋ በቀን ሚቆጠር፣ ሁለቱም ጋ ግን ያ ጊዜ ለሰዎቹ አልደረሰላቸውም። ስለዚህ ሰልጣኞችሽ መጀመሪያ ሊመልሱት ሚገባው ጥያቄ «የትኛው ሞዴል (ጎርፉን ሚያሰላ የኮምፒውተር ፕሮግራም)» ሳይሆን «ስንት ደቂቃ አለን፣ ከዛ ውስጥ ስንቱ ለሰዉ ይተርፋል» ሚለው ነው።

ይሄን በቁጥር አሰሪያቸው። እኔ ሁሌ ምሰጠው ልምምድ እንዲህ ነው። ከከተማው 20 ኪሎ ሜትር ከላይ የውሃ ከፍታ መለኪያ አለ እንበል፣ የጎርፉ ፊት በሰከንድ 3 ሜትር ይመጣል እንበል። 20,000 ለ3 ሲካፈል 6,667 ሰከንድ፣ ወደ 111 ደቂቃ ማለት ነው። ሰው ይሄን ሲሰማ ደስ ይለዋል፣ ሁለት ሰዓት ሊሞላ ምን ቀረው ይላል። አሁን መቀነስ ትጀምሪያለሽ። ሴንሰሩ በየ15 ደቂቃው ከሆነ ሚልከው 15 ደቂቃ ሊጠፋ ይችላል። ተረኛው ባለሙያ አይቶ፣ ሴንሰሩ ተበላሽቶ ነው ወይስ እውነት ነው ብሎ እስኪያረጋግጥ 10። ሃላፊ ተፈልጎ እስኪወስን 30። መልዕክቱ ተጽፎ በሬዲዮም በስልክም በሳይረንም እስኪወጣ 20። ሰዉ ሰምቶ፣ ልጅ ቀስቅሶ፣ ሽማግሌ ደግፎ ከፍ ያለ ቦታ እስኪደርስ 30። ድምሩ 105 ነው። ከ111 ላይ ቀረሽ 6 ደቂቃ። አሁን ሴንሰሩን በየሰዓቱ ሚልክ አድርጊውና ድጋሚ ደምሪ፣ 150 ይሆናል፣ ማለትም ማስጠንቀቂያው ራሱ ጎርፉ ከደረሰ በኋላ ነው ሚወጣው። ይሄን ሂሳብ በእጁ የሰራ ሰው ሴንሰር ሲገዛ ምን እንደሚጠይቅ ማንም ሳይነግረው ያውቀዋል። ደሞ ከሁሉም ትልቁ ቁጥር የቱ ጋ እንደሆነ ልብ በይ፣ ውሳኔው ጋና ሰዉ ጋ ነው፣ ረቂቅ ፕሮግራምሽ ግን ስምንት ቀን ሙሉ ሚደክመው 15ቷን ደቂቃ ለማሳጠር ነው።

ውሳኔው ላይ ትንሽ ልቆይ ምክንያቱም ሰው እዚህ ጋ ነው ሚሞተው። ኮሎምቢያ ውስጥ በኖቬምበር 1985 ኔቫዶ ዴል ሩይዝ ሚባል በበረዶ የተሸፈነ እሳተ ገሞራ ማታ 3 ሰዓት ገደማ ፈነዳ፣ በረዶውን አቅልጦ የጭቃ ጎርፍ አወረደ፣ ጎርፉ አርሜሮ ሚባለው ከተማ የደረሰው 5 ሰዓት ተኩል አካባቢ ነው። ከሁለት ሰዓት በላይ ነበር። የስጋት ካርታው ደሞ ከአንድ ወር በፊት ተሰርቶ ቀርቧል፣ አርሜሮ አደጋ ውስጥ እንዳለች ካርታው ላይ ይታያል። ሳይንሱ አልጎደለም። ሰዉ ግን ከቤቱ አልወጣም፣ «ተረጋጉ» ነበር የተባለው፣ ወደ 23,000 ሰው አለቀ። ይሄን ታሪክ ለሰልጣኞችሽ ስትነግሪ ማን አጠፋ ወደሚል ክርክር እንዳይሄድብሽ፣ ጥያቄው «የኛ ዞን ላይ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ቁጥሩ ከልክ ቢያልፍ ማን ነው 'ተነሱ' ሚለው? ስልኩ ዝግ ቢሆንስ ተከታዩ ማነው?» ይሁን። መልሱ በጽሁፍ፣ ተፈርሞ፣ ከክረምት በፊት መኖር አለበት። እኔ ምመክረው ከተወሰነ ልክ በላይ ተረኛው ባለሙያ ራሱ ማንንም ሳያስፈቅድ ሳይረኑን እንዲነካ አስቀድሞ ስልጣን ይሰጠው ነው። ብዙ አለቃ መጀመሪያ ይሄን አይወድም፣ የቅድሙን ሂሳብ ፊቱ ስትሰሪለት ግን 30 ደቂቃዋ ከየት እንደምትመጣ ራሱ ያያታል።

የራሴን ልንገርሽ። ከብዙ አመት በፊት ምከታተለው አንድ ጣቢያ ነበር፣ የወንዙን ስም ልተወው። እዛ በየቀኑ ጠዋት 12 ሰዓትና ማታ 12 ሰዓት የውሃ መለኪያ ሰሌዳውን ሚያነቡ አንድ አባባ ነበሩ፣ በትንሽ ደብተር በእስክሪብቶ ይጽፋሉ፣ ደብተሩ በወር አንዴ ይሰበሰባል። አንድ ነሐሴ ወንዙ በሌሊት ገነፈለና ታች ያለውን ሰፈር ጠረገው። ከሶስት ሳምንት በኋላ ደብተሩ እጄ ገባ። የዛን ማታ 12 ሰዓት ላይ ያነበቡት ከሌላው ቀን በእጥፍ በላይ ነበር፣ ከዛም ስራቸው ሳይሆን 3 ሰዓት ላይ በባትሪ ተመልሰው ወርደው አንብበዋል፣ ቁጥሩ አጠገብ «በጣም እየጨመረ ነው» ብለው ጽፈዋል። ሰውየው ስልክ ነበራቸው። ማን ጋ ይደውሉ? ማንም ቁጥር አልሰጣቸውም፣ እኛም የሳቸውን ቁጥር አልያዝንም። ያቺ መስመር እስካሁን ከአይኔ አትጠፋም። ቅድመ ማስጠንቀቂያ ሲስተሙ እዛ ነበረ፣ መለኪያው ነበር፣ ያስተዋለ ሰው ነበር፣ የጎደለው አንድ ስልክ ቁጥርና ሲደወልለት ምን ማድረግ እንዳለበት ሚያውቅ ሰው ነው። ስለዚህ ስልጠናው ላይ ሰልጣኞቹ በዞኑ ያሉትን ሁሉንም ጣቢያ አንባቢዎች በስም በስልክ ይዘርዝሩ፣ ደውለው ያግኟቸው፣ ይሄ ግማሽ ቀን አይፈጅም።

እና ማንን ልጋብዝ ብለሽ ባትጠይቂኝም ዋናው እሱ ነው፣ ሃያውም መሃንዲስ አይሁን። ስምንቱ ይሁን። ሌላው ከማህበረሰብ ሬዲዮ ጋዜጠኛ፣ ከቴሌኮም ቴክኒሻን፣ ከፖሊስ ሌሊት ተረኛ ሆኖ ሚያውቅ ሰው፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሰራተኛ (ማን አልጋ ላይ እንደተኛ፣ ማን ነፍሰ ጡር እንደሆነች ቤት ለቤት ምታውቀው እሷ ናት)፣ የቀበሌ አመራር፣ አንድ ከአካል ጉዳተኞች ማህበር። ጀርመን ውስጥ በጁላይ 2021 አር ሚባለው ወንዝ ሸለቆ ላይ ጎርፍ ሲመጣ ከላይ ያሉት ከተሞች አመሻሹ ላይ ነው የተመቱት፣ ውሃው ወንዙ መጨረሻ አካባቢ ዚንዚግ ሚባለው ከተማ የደረሰው ሌሊት ነው፣ እዛ በአንድ የአካል ጉዳተኞች መኖሪያ ውስጥ 12 ሰው ሞተ። ሰዓታት ነበሩ። በዛ ሸለቆ ብቻ ከ130 በላይ ሰው አለቀ፣ ሳይንስና ገንዘብ ባለበት ሀገር። ከዛው ላይ ሌላም ለመሃንዲሶችሽ ሚሆን ትምህርት አለ፣ አልቴናር ሚባለው የሸለቆው ከተማ ላይ የነበረው የውሃ መለኪያ የዛን ማታ በጣም በሚፈለግበት ሰዓት ዳታ መላክ አቆመ፣ ጎርፉ ወሰደው። እና ሰልጣኞቹ ሴንሰር የት ይተከል ሲባሉ «ውሃው ከታሪኩ ሁሉ በላይ ቢመጣ ይሄ ነገር ይተርፋል ወይ፣ ባይተርፍ ዝም ማለቱን ራሱ እንደ ማስጠንቀቂያ እንዴት እናነበዋለን» ብለው ይጠይቁ።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀን ክፍል አታስገቢያቸው። ወንዙን ይዘው ከላይ እስከ ታች ይሂዱ። ሽማግሌ ይጠይቁ፣ ውሃው የት ድረስ መጥቶ ያውቃል፣ ግድግዳ ላይ ምልክቱን ያሳዩዋቸው፣ በሜትር ይለኩት። በሌሊት ቢሆንስ በየት ትወጣላችሁ ብለው ይጠይቁና ያንን መንገድ ራሳቸው በእግራቸው ስቶፕዋች ይዘው ይሂዱበት፣ አንዱ ሰልጣኝ ደሞ ሌላውን ደግፎ። ካርታ ላይ አምስት ደቂቃ ሚመስለው መንገድ ጭቃ ውስጥ ሌላ ነው። እኔ ጋ የነበሩ ልጆች መሸሻ ብለው የመረጡት መንገድ ራሱ አንድ ትንሽ ጅረት እንደሚያቋርጥ ያወቁት ሲሄዱበት ነው፣ ወንዙ ሲሞላ መጀመሪያ ሚዘጋው እሱ ነው።

ከዛ መልዕክት መጻፍ። ይሄ ቀላል ይመስላል፣ ግን አንድ ሙሉ ቀን ይገባዋል። የለመድነውን አይነት ስጫቸው፦ «በቀጣዮቹ 24 ሰዓታት በአንዳንድ የተፋሰሱ አካባቢዎች ከመደበኛ በላይ ዝናብ ስለሚጠበቅ ህብረተሰቡ አስፈላጊውን ጥንቃቄ እንዲያደርግ እናሳስባለን።» እና ጠይቂያቸው፣ ይሄን የሰማች ሴት ምን ታድርግ? አንዳንድ አካባቢ ማለት የሷ ነው? አስፈላጊው ጥንቃቄ ምንድነው? ቀጥሎ ይሄን አስጽፊያቸው፦ «ከላይ ከባድ ጎርፍ ተነስቷል። ከአንድ ሰዓት በኋላ ድልድዩ ጋ ይደርሳል። ወንዙ ዳር ያላችሁ አሁኑኑ ተነሱ፣ ወደ ትምህርት ቤቱ ውጡ። ወንዙን አትሻገሩ፣ ለከብት ብላችሁ አትመለሱ።» የት፣ መቼ፣ ምን ላድርግ፣ ወዴት ልሂድ፣ ሁሉም አለበት። ከዛ ወደየቋንቋው ይገልብጡት። ድሬዳዋ ላይ ቢያንስ ኦሮምኛ፣ ሶማልኛና አማርኛ ያስፈልግሻል፣ ዳሰነች ላይ በአማርኛ ብቻ የተላለፈ ነገር አልተላለፈም በይው። ትርጉሙ ደሞ ለዛው ቋንቋ ተናጋሪ እናት ተነቦ ምን እንደገባት ትንገራቸው እንጂ ቢሮ ውስጥ ታይቶ አይለፍ።

ባዶ ማስጠንቀቂያ ሚያሳስባቸው ሰልጣኞች ይኖራሉ፣ ልክ ናቸው፣ ሰው ሁለቴ ተነስቶ ምንም ካልመጣ ሶስተኛው ላይ አይነሳም ይላሉ። ይሄን በወሬ አትተዉት፣ ለኩት። አስር ጊዜ አስጠንቅቃችሁ ስድስቱ ጎርፍ ከመጣ፣ ሳታስጠነቅቁ ያመለጣችሁ ደሞ ሁለት ከሆነ፣ ከስምንት ጎርፍ ስድስቱን ይዛችኋል፣ 75 በመቶ፣ ከማስጠንቀቂያችሁ ደሞ 40 በመቶው ባዶ ነበር። ይሄ መጥፎ ነው ጥሩ ነው ሚባለው ሰዉን ማስነሳቱ ሚያስወጣውን ወጪ ከሚያድነው ጋር ስታስተያዪ ነው። ወጪው ማስጠንቀቂያው ከሚያስቀረው ጉዳት አንድ ሃያኛ ከሆነ፣ ጎርፉ ሚመጣበት ዕድል ከሃያ አንድ በትንሹ እንኳ ቢበልጥ ማስጠንቀቅ ያዋጣል። እና ከባዶ ማስጠንቀቂያ በኋላ ዝም አትበሉ፣ በማግስቱ ሄዳችሁ «ከላይ ይሄን አይተን ነው፣ ውሃው በዚህ ምክንያት ቀነሰ» ብላችሁ አስረዱ። ሰው እውነቱ ከተነገረው ይቅር ይላል፣ ዝም ከተባለ ነው ሚርቀው።

ሶፍትዌሩ ላይ እንዳልመለስልሽ እንዳታስቢ። ለዝናብና ፍሰት ሄክ ኤችኤምኤስ (HEC-HMS)፣ ውሃው የት የት እንደሚተኛ ለማየት ሄክ ራስ (HEC-RAS) በቂ ናቸው፣ ሁለቱም ነጻ ናቸው፣ ሁለት ቀን ተኩል ስጫቸው። ግን የዳታ ታሪክ በሌለበት ወንዝ ላይ የተወሳሰበ ሞዴል ከመገንባት «ከላይ ጣቢያው ላይ ይሄን ያህል ሜትር ሲሞላ፣ ታች ከዚህን ያህል ሰዓት በኋላ ይሄን ያህል ይመጣል» ሚል ቀላል ሰንጠረዥ ይሻላል፣ ተረኛው በሌሊት መብራት ጠፍቶ ሊያነበው ይችላል። ሴንሰር ላይ ደሞ በእጃቸው ይንኩ። ዝናብ መለኪያውን (ውስጡ ትንሽ ባልዲ ያለው፣ በሞላ ቁጥር ሚገለበጠውን) ከፍተው ይዩት፣ የሸረሪት ድርና ቅጠል ምን ያህል እንደሚዘጋው ያያሉ። አፉ 200 ካሬ ሴንቲ ሜትር ከሆነና አንዱ ግልበጣ 0.2 ሚሊ ሜትር ከሆነ፣ አንድ ግልበጣ 4 ሚሊ ሊትር ውሃ ነው። 400 ሚሊ ሊትር በላስቲክ ጠርሙስ ቀስ አድርገው ያንጠብጥቡና ይቁጠሩ፣ 100 አካባቢ መምጣት አለበት። 70 ከመጣ ያ ጣቢያ ከዘነበው 30 በመቶውን እየደበቀ ነው። ይሄን በየአመቱ ከሰኔ በፊት ሚያደርግ ሰው በስሙ ይመደብ፣ ባትሪና ሲም ካርዱንም እሱ ይይ።

ወንዝ ብቻ እንዳይመስላቸው ደሞ አንድ ግማሽ ቀን ለጎፋ ስጪ። ሐምሌ 2016 ዓ.ም ገዜ ጎፋ ላይ መሬት ሲንሸራተት መጀመሪያ የተቀበሩትን ሊያወጡ የሮጡ ጎረቤቶች ላይ ነው ሁለተኛው የወረደው፣ በድምሩ ከ200 በላይ ሰው ሞተ። ሰው ወገኑን ሊያድን ሲሮጥ ማን ይከለክለዋል፣ እኔም ብሆን እሮጥ ነበር። ለዚህ ነው ስልጠናው ከመጀመሪያው ናዳ በኋላ ከላይ ሆኖ ገደሉን ብቻ ሚያይ አንድ ሰው ፉጨት ይዞ እንዲቆም ማስተማር ያለበት። ደሞ ናዳ ከመምጣቱ በፊት ምልክት ሊያሳይ ይችላል፣ መሬት ላይ አዲስ ስንጥቅ፣ ዛፍ ወደ አንድ ወገን ማዘንበል፣ ጥርት ያለ ምንጭ ድንገት መደፍረስ ወይ ከአዲስ ቦታ መፍለቅ፣ በር አልዘጋ ማለት። ይሄን ሚያየው ገበሬው ነው፣ ባለሙያሽ ማወቅ ያለበት ገበሬው ሲነግረው ምን ማድረግ እንዳለበት ነው።

ይሄ ሁሉ ይሆናል ወይ ለሚል፣ ባንግላዴሽ አለች። በ1970 አንድ አውሎ ነፋስ ብቻ ከ300,000 በላይ ሰው ገደለባት። ከዛ በኋላ በመንደር በመንደር በጎ ፈቃደኛ አሰለጠኑ፣ ዛሬ በአስር ሺዎች ሚቆጠሩ ናቸው፣ ባንዲራ ይሰቅላሉ፣ በሜጋፎን ይዞራሉ፣ ቤት እያንኳኩ ሽማግሌ ተሸክመው ያወጣሉ። በ2020 አምፋን የተባለው ትልቅ አውሎ ነፋስ ሲመጣ ከሁለት ሚሊዮን በላይ ሰው ቀድሞ ወጣ፣ እዛ የሞተው በአስሮች ሚቆጠር ሆነ። ሳተላይቱ ረድቷል፣ ግን ሳተላይት በር አያንኳኳም።

የመጨረሻው፣ አስሩን ቀን ባንዴ አትጨርሺው። ሰባቱን ግንቦት ላይ ስጪ፣ ሰልጣኞቹ በሶስት በሶስት ሆነው አንድ አንድ እውነተኛ ወንዝ ይዘው ይሂዱ፣ ክረምቱን በሙሉ በራሳቸው ዲዛይን ይከታተሉ፣ የሆነውንና ያልሆነውን ይመዝግቡ፣ ቀሪውን ሶስት ቀን ጥቅምት ላይ ተመልሰው ይገምግሙት። ሰርተፍኬቱም ያኔ ይሰጥ። ግንቦት ከመውጣቱ በፊት ደሞ አንድ ሌሊት፣ ቀኑን ሳትነግሪያቸው፣ 8 ሰዓት ላይ ቀስቅሻቸው፣ ሃላፊዎቹም አብረው ይደወልላቸው፣ ከመጀመሪያው ስልክ እስከ መጨረሻዋ ቤት ስንት ደቂቃ እንደፈጀ ለኪው። እኔ መጀመሪያ ሳደርገው አንድ ሰዓት ከሩብ ፈጀ፣ ሶስተኛው ላይ ወደ ግማሽ ሰዓት ወረደ፣ አዲስ የተገዛ ዕቃ አልነበረም። የተስተካከለውን ፕሮግራም ስትጨርሺ ላኪልኝ አየዋለሁ፣ የጣቢያ አንባቢዎቹን ስልክ መሰብሰብ ግን ፕሮግራሙን አትጠብቂ፣ ነገ ጀምሪው።